የሐሙስ ጠዋቱ ቃለ መጠይቅ

ከጉርድ ሾላ ጀርባ፣ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ በላይ በተከራየናት ክፍል ቅዳሜ ከሰዓት እያስተማርኩ ሳለ ሲቪል የለበሱ ሰዎች ገቡ። አንደኛው በትሕትና "መምህር፣ ለትንሽ ጥያቄ ትፈለጋለህ" አለኝ። ሌላው ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠውን ተማሪዬን በጣቱ ጠቀሰው። "አንተም ተነስ።" ለምን እሱን እንደመረጡ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ምናልባት ሲገቡ ቀድሞ ቀና ብሎ ያያቸው እሱ ስለነበር ይሆናል።

እስር ቤት ወስደው ሁለታችንንም አንድ ክፍል አስገቡን። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ ዘይት ቀለም ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ ልስኑ ተላልጧል። የላብ፣ የእርጥብ ብርድ ልብስና የሽንት ባልዲ ሽታ አንድ ላይ ተቀበለን። የክፍሉ ካቦ፣ ማለትም እስረኞቹ የሚታዘዙለት እስረኛ፣ መገናኛ ጫማ ይነግድ የነበረ ቀልደኛ ሰው ነው።

"አዲስ ገቢ በር ጋ ነው የሚተኛው፣ ጋሼ። አይቀየሙኝ፣ የቤቱ ሕግ ነው። እኔም ብርዱን ጠጥቼዋለሁ" አለኝ።

ሥራችን የሚያሳስር አልነበረም። ተማሪዎቼ ከሳሊተ ምሕረት ወዲያ ከነበሩ የገበሬ ቤተሰቦች የመጡ ናቸው፤ ከቤታቸው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰ ሰው ከነሱ በፊት አልነበረም። እርሻው ኮንዶሚኒየም ሆኗል። አባቶቻቸው በገዛ ማሳቸው ላይ ለቆመ ሕንጻ ዘበኛ ገብተዋል። እኛ ጥቂት መምህራን የነፃ ትምህርት ዕድል እናፈላልግላቸዋለን፣ ለፈተናና ለቃለ መጠይቅ እናዘጋጃቸዋለን።

ከሁሉም ያስቸገረን ዓይን ነበር። እነዚህ ልጆች ታላቅ ሰው ሲያናግራቸው መሬት መሬት እያዩ ነው ያደጉት፤ ጨዋነት እሱ ነው። ፈታኞቹ ግን በራሱ አይተማመንም ብለው ይጥሏቸዋል። ስለዚህ አንድ በአንድ ፊቴ አስቀምጬ "ቀና በል፣ ዓይኔን እያየህ መልስ" እያልኩ አለማምዳቸዋለሁ። አብሮኝ የታሰረው ተማሪዬ እስኪለምድ ሳምንታት ፈጅቶበታል። የተሳካለት ቀን ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበለት።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ለጥቂት አምልጦት ነበር። የግል ኮሌጅ ደግሞ ለእሱ ቤት የማይታሰብ ነው። አንድ ድርጅት የምህንድስና ትምህርቱን ሙሉ ክፍያ ሊሸፍንለት የመጨረሻውን ቃለ መጠይቅ ለሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ቀጥሮታል። ካልቀረበ ዕድሉ ለተጠባባቂ ይሰጣል።

ሰኞ መጀመሪያ የጠሩት እሱን ነው። ሲመለስ የታች ከንፈሩ አብጦ፣ ነጭ ሸሚዙ ላይ ደም ነጥቦ ነበር።

"ምን ብለሃቸው ነው?" አልኩት።

"ምንም አላልኩም፣ ጋሼ። ምን እንደምንማር ጠየቁኝ፣ እውነቱን ነገርኳቸው። ልክ እንደ ልምምዱ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ።"

ወዲያው የእኔ ስም ተጠራ።

መርማሪው በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ ሽቶ የተቀባ ሰው ነበር። ሻዩን እያማሰለ አየኝ።

"ይሄ ልጅ ሠልጥኗል" አለኝ። "ማነው ያሠለጠነው?"

"እኔ ነኝ። ለኢንተርቪው ነው ያለማመድኩት።"

"የገበሬ ልጅ እንዲህ አያይም። እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ፤ አትሸውደኝ።"

በዚያ ሰሞን በከተማው ዳርቻ ስለ መሬትና ካሳ ጉርምርምታ ነበር። የእነዚያን ገበሬዎች ልጆች በየሳምንቱ የሚሰበስብ ሰው ለእሱ ከአመፅ አደራጅ ሌላ ትርጉም የለውም። ስለ ፈታኞቹና ስለ ዓይን ላስረዳው ሞከርኩ። ለራሴ ጆሮ እንኳ ሰበብ መሰለኝ።

"ሐሙስ ቀጠሮ አለው አሉ" አለ ብርጭቆውን አስቀምጦ። "መምህሬ ለአመፅ ሲያደራጀን ነበር ብሎ ቃሉን ይስጥ፤ ረቡዕ እናቱ ቤት ያድራል። አንተ ምከረው። አንተን ይሰማል።"

ማክሰኞ ሌሎቹ ፀሐይ ሊሞቁ ሲወጡ ልጁን አስቀረሁትና ነገርኩት። "የሚሉህን በል። እኔ ኑሮዬን ኖሬያለሁ፣ ምንም አልሆንም።" ውሸቴን ነው። ፈርቼ ነበር።

"ጋሼ" አለኝ፣ "ፈታኞቹ ማን ረዳህ ብለው ይጠይቁሃል ብለውኝ አልነበር?"

"ይጠይቃሉ።"

"ታዲያ ምን ብዬ ልመልስላቸው?"

ተቆጣሁት፣ ግትር ብዬ ሰደብኩት፣ በእናቱ ለመንኩት። ንቅንቅ አላለም። ረቡዕ ተጠርቶ ሄደ፤ ጉንጩም አብጦ ተመለሰ። ያን ሰዓት የወደድኩትን ያህል ተናድጄበታለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ካቦውን አስፈቅዶ በመጠጥ ውኃው ፊቱን ታጠበ። የደሙን ነጥብ በሳሙና አሸት አሸት አደረገው፤ አልለቀቀም። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆለፈ። ውጭ የስንቅ ማስገቢያው ተከፍቶ ስም መጠራት ሲጀምር ካቦው "ሦስት ሰዓት ሆነ" አለ። ልጁ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

"ጋሼ፣ ይጠይቁኝ።"

"ምን ልጠይቅህ?"

"ሰዓቱ እኮ ደርሷል።"

ነገሩ ከእኔ ቀድሞ የገባው ለካቦው ነው። "ቦታ ልቀቁ! ልጁ ቀጠሮ አለው!" አለ። ሰዎቹ ምንጣፋቸውን ሰብስበው ወደ ግድግዳው ተጠጉ። ለእኔ የታጠፈ ብርድ ልብስ፣ ለእሱ ባዶ ጄሪካን ቀረበ። ጉሮሮዬን ጠራረግሁና ለምን ምህንድስና እንደመረጠ ጠየቅሁት።

"እኛ ሰፈር ሕንጻ ሲሠራ የጎርፉ መውረጃ ተደፈነ። ክረምት ሲገባ ውኃው ቤታችን ገባ። መውረጃ የሚሠራው ማነው ብዬ ስጠይቅ መሐንዲስ ነው አሉኝ። ያኔ ወሰንኩ።"

በልምምዳችን ይህን ነግሮኝ አያውቅም። ቀጣዩን ጥያቄ ከመጀመሬ የበሩ መቀርቀሪያ ተሳበ። ጠባቂው የልጁን ስም ጠራ። አንድ ሰው ሳል ይዞት አፉን ሸፈነ። ልጁ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም።

"አለቃ፣ ትንሽ ነው የቀረው" አለ ካቦው።

ጠባቂው ጄሪካኑን አየ፣ እኔን አየ። ምን እንደገባው አላውቅም። በሩን ተደግፎ ቆመ።

"እዚህ ለመድረስ ማን ረዳህ?" አልኩ።

"እናቴና መምህሬ" አለ፣ በሩ ጋ ያለውም እንዲሰማ ጮክ ብሎ። "መምህሬ ሰው ፊት ቀና ብዬ እንድናገር አስተማረኝ። ስለ አመፅ ምንም ነግሮኝ አያውቅም።"

"እናመሰግናለን፣ ጨርሰናል" አልኩት። ተነስቶ ጨበጠኝና ከጠባቂው ጋር ወጣ። ካቦው ጀርባውን ሰጥቶን ብርድ ልብሱን ደጋግሞ አጠፈው።

ከወራት በኋላ ያለ ክስም ያለ ይቅርታም ለቀቁን። ዕድሉ ለሌላ ተሰጥቷል፤ የወሰደው ይማርበት፣ እሱን አልቀየምም። የእኔ ልጅ ቀን ኮንስትራክሽን ሳይት እየዋለ ማታ ማታ ተማረ። ተመርቋል፤ ግን ሌሎች በጊዜ የጨረሱትን እሱ ዕድሜውን ከፍሎበታል፤ ዛሬም ያንገበግበኛል። ታሪኩን የሰሙ ሰዎች አንዳንዴ "ታዲያ ልጁ ያንን ኢንተርቪው አለፈ?" ይሉኛል።

አለፈ እላቸዋለሁ። ፈታኙ እኔ ነበርኩ።