የቀኝ እጅጌዎቹ

ታናሽ እህቴን ሰፈሩ የሚያውቃት «መቀስ» በሚል ቅጽል ነው። እናታችን ያወጣችላትን ስም የምጠራው እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱንም ስናደድ ነው። ከዳቦ ቤቱ በላይ፣ ፎቁ ላይ፣ የልብስ ስፌት ቤት አለን። እሷ ትቆርጣለች፤ እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ፣ ደንበኛ እቆጣለሁ። ሦስቱንም እችልበታለሁ።

እሷ አንድ ሰው ትከሻ ላይ ዓይኗን ጣል ካደረገች ሜትር የምታወጣው ለወጉ ያህል ነው። ችግሩ ከዚያች እጅ ጋር አብሮ የተሰጣት ልብ ነበር። አንዳንዴ ልቧ ክንፍ ያወጣና እንቅልፍ ጠላቷ ይሆናል፤ የያዘችውን ሳትጨርስ ሌላ ትጀምራለች፣ ለመጣው ሁሉ «እሺ» ትላለች፣ ስታወራ የሚደርስባት የለም። ከዚያ ደግሞ ይወርድና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ጭንቀቱማ ወቅት አይመርጥም። ደረጃው ላይ ኮቴ ከሰማች «ልብሱ ጠቧቸው ሊመልሱት ነው፣ አለቀልን» ትለኛለች። የመጣው የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ነው፤ ደህና አደራችሁ ሊለን።

ሰፈሩ «ጨርቋን ልትጥል ነው» እያለ ሲንሾካሾክ ሰማሁና ደረጃው ላይ ቆሜ፣ «እሷ ጨርቅ ትቆርጣለች እንጂ አትጥልም!» ብዬ ጮህኩ። ጩኸት ግን መድኃኒት አይሆንም። እጇን ይዤ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙ ለሕመሟ ስም ሰጠው፣ ክኒን አዘዘ፣ በየሳምንቱ ቁጭ ብላ የምትነጋገርበት የምክር ባለሙያ ጋም ላካት።

ክኒኑ ሠራ። ልቧ መሬት ያዘ። ግን እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ብዙም አይደለም፣ ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት የሚያስቸግር ያህል።

«እትዬ፣ ልቤን መልሶ እጄን ወሰደብኝ» አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

ከዚያ በኋላ ማንንም ሳታማክር ክኒኑን ተወችው። ይህን ያወቅሁት የከተማው የመዘምራን ቡድን፣ ኳየሩ፣ ለአዲሱ አዳራሽ ምረቃ ጋዋን ካዘዘን በኋላ ነው። ጨርቁ ውኃ ሰማያዊ ሳቲን ነው፤ ፊቱ ያበራል፣ ጀርባው ደብዛዛ። እኔ ጉንፋን ጥሎኝ ቤት ተኝቼ ነበር። እሷ ልቧ ዳግመኛ ክንፍ አውጥቶ፣ ጨርቁን ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ ደራርባ፣ በመቁረጫው ማሽን ጥርግ አድርጋ ቆርጣ ጠበቀችኝ። እየዘፈነች።

«ጨረስኩልሽ! ዳንኩ እኮ እትዬ!»

ሁለት እጅጌ አነሳሁና ገጠምኳቸው። ሁለቱም ግራ። ሌላ አነሳሁ፤ ግራ። ክምሩን በሙሉ አገላበጥኩት። ለሰፊ መንገር አያስፈልግም፣ ላልሰፋ ግን ልንገር፦ ጨርቅ ሁሉ ፊቱን ወደ ላይ ከተደረደረ፣ ግራውን ቆርጠሽ ስትጨርሺ የወረቀቱን ልክ ለቀኝ መገልበጥ አለብሽ። መቀስ አልገለበጠችውም። ኳየሩ በሙሉ ቀኝ እጅ የሌለው ሕዝብ ሆኖ አረፈው። ከዚያ ጨርቅ ደግሞ ነጋዴው ጋ አንድ ክንድ እንኳ አልተረፈም። ምርጫ ስላልነበረን በቀኙም በኩል ግራ እጅጌ ገጥመን ሰፋናቸው።

የኳየሩ መሪ፣ ረጅሙ ሰውዬ፣ ሲመጣ እኔ ጨርቁን፣ ማሽኑን፣ ጉንፋኔን ልከስ ተዘጋጅቼ ነበር። ቀደመችኝ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ሕመም አለብኝ፤ መድኃኒቴን በራሴ ሥልጣን አቋርጬ ነው የቆረጥኩት» አለችው። አፌን በእጄ ያዝኩ። ሰውዬው አልጮኸም፤ ጋዋኖቹን እንዳሉ ይዞ ሄደ። በምረቃው ዕለት መዘምራኑ እጃቸውን ወደ ላይ ሲዘረጉ ቀኙ ብብታቸው ስር ያዛቸውና ግራው ብቻ ወጣ። ታክሲ የሚያስቆሙ መስለው ዘመሩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

መቀሷን ሚስማር ላይ ሰቀለችው። «ከእንግዲህ ጨርቅ አልቆርጥም» ብላ ተኛች። እኔም ከዚያ ወዲህ ያስጨነቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ያ መቀስ ይወርድ ይሆን?

ሐኪሙ ጋ ስንመለስ ይቆጣል ብለን ነበር። «እጅሽ ሲንቀጠቀጥ ለእኔ አትነግሪኝም ነበር?» ብቻ አላት። ደሟን አስመርምሮ መጠኑን አስተካከለው። መንቀጥቀጡ ቀነሰ፤ ጨርሶ አልጠፋም።

የምክር ባለሙያዋ መነጽሯን እየነከሰች የምትሰማ ሴት ናት። አንድ ቀን እኔንም አስገባችኝና እህቴን ሥራዋን እንድታስረዳት ጠየቀቻት። «መጀመሪያ በጠመኔ አሰምራለሁ፣ ከዚያ እቆርጣለሁ» አለች እህቴ።

«በጠመኔውና በመቀሱ መሃል ምን አለ?»

«ምንም። ወዲያው ነው።» ጉልበቷ ላይ በጣቷ መስመር አሰመረች። ቆይታ፣ «ጠመኔ እኮ ይራገፋል» አለች። ያሰመረችውን በመዳፏ ጠረገችው። «ይደር ማለት እችላለሁ። ልቤ ሞቆ ያሰመርኩትን በማግስቱ አይቼው ነው የምቆርጠው።»

«ይደር» ከዚያች ቀን ጀምሮ የቤታችን ሕግ ሆነ። አዲስ ትዕዛዝ? ይደር። ከደንበኛ ጋር ጠብ? ይደር። ባሌ ትልቅ ቴሌቪዥን ልግዛ ሲል እኔም «ይደር» አልኩት፤ ይኸው እስካሁን እንዳደረ ነው።

ለጭንቀቱ ደግሞ ባለሙያዋ እህቴን የምታውቀውንና የምትገምተውን መለየት አስተማረቻት። ኮቴ ሲሰማ እህቴ ቀስ ብላ ተንፍሳ፣ «የማውቀው፣ ሰው ደረጃ እየወጣ ነው። የምገምተው፣ ሊጮህብኝ ነው» ትላለች። እኔም ሞከርኩት፤ ባሌ ላይ ካለኝ ክስ ግማሹ ግምት ሆኖ ተገኘ። ግማሹ ግን እውነት ነው።

ወራት አለፉ። ክኒኗን ከቁርስ ጋር ትወስዳለች፣ ቀጠሮዋን አታሳልፍም፣ እኔ ጋ ተቀምጣ ትዘመዝማለች። መቀሱ እዚያው ሚስማሩ ላይ ነው። አንድ ቀን ከባድ ኮቴ ሰማን። የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨበጠች። «የማውቀው፣ ሰው ደረጃ እየወጣ ነው።» በሩ ተከፈተ፤ ረጅሙ ሰውዬ ነው። ትልቅ ኮንሰርት አለን፣ አዲስ ጋዋን ስፉልን አለ።

እኔ ምላሴ መቼ አርፎ ያውቃል፣ «ምነው ሌላ ሰፊ ጠፋ?» አልኩት።

«ሌላ ሰፊ ሲያበላሽ ጨርቁ ነው ይለኛል» አለ። «እህትዎ ግን ፊቴ ቆማ እኔ ነኝ አለችኝ። በቀጭን ድምፅ የሚዘምሩት ሶፕራኖዎቹ ትንሽ አጉረምርመዋል፤ እነሱ ሁልጊዜም ያጉረመርማሉ።»

የእህቴ ፊት ቀላ። «ይደር» አለችው። «ነገ እነግርዎታለሁ።»

በማግስቱ «እሺ» አለችው።

ጨርቁን ዘረጋች፣ ደራረበች፣ አሰመረች። ከዚያ መብራቱን አጥፍተን ወደ ቤት ሄድን። ጠዋት ስንገባ ጠረጴዛው ፊት ቆማ መስመሩን በጣቷ ተከተለችው፤ ድንገት ቀጥ አለች። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። ወረቀቱን እንደገና ሳትገለብጠው አሰምራለች፤ ሁሉም ግራ።

ልታለቅስ ነው ስል ሳቀች። ከልቧ፣ ሆዷን ይዛ። «እትዬ፣ ትናንት ደህና ነበርኩ! ክኒኔን ውጫለሁ፣ ተኝቻለሁ። ይሄ ሕመም አይደለም፤ ይሄ ተራ ስህተት ነው። እኔም እንደ ሰው መሳሳት እችላለሁ!» ጠመኔውን በብሩሽ አራገፈች፣ ወረቀቱን ገለበጠች፣ እንደገና አሰመረች። በማግስቱ ደግማ አየችውና መቀሱን ከሚስማሩ አወረደች። ትላልቆቹን በማሽን፣ እጅጌዎቹን ግን በእጇ ቆረጠቻቸው። እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬ አለቀስኩ፤ የመቀሱን ድምፅ ስንት ጊዜ ናፍቄው ነበር።

በኮንሰርቱ ዕለት ከኋላ ተቀመጥን። የመጨረሻው መዝሙር ላይ መሪው ምልክት ሰጠ። እህቴ እጄን እስኪያመኝ ጨበጠችኝ። መዘምራኑ በአንድ ጊዜ እጃቸውን አነሱ፤ ግራም ቀኝም፣ ሰማያዊው ሳቲን እስከ ጣታቸው ተዘርግቶ።

«ቀኙን እይው እትዬ» አለችኝ። «ቀኙን!»

ሰዉ ተነስቶ አጨበጨበ። መሪው እጁን ወደ እኛ ዘረጋና «ጋዋኖቻችንን የሰፉት እነሱ ናቸው» አለ። ፊት ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። «ይደር» ትለኛለች ብዬ ጎኗን በክርኔ ልነካት ስል ቀድማኝ ተነሳች። ሁለቱንም እጆቿን እንደ ዘማሪዎቹ ወደ ላይ ዘረጋች። ቀኟ እንደ ወትሮው ትንሽ ትንቀጠቀጥ ነበር። ከነመንቀጥቀጧ ከፍ አድርጋ ያዘቻት።