ዳስ የገባ ስርቅታ

ንጉሡ ወደ እንጦጦ መውጣት ሲያዘወትሩ ጎበዝ ጎበዙ አዝማሪ ግብሩን ተከትሎ ሄደ። አንኮበር የቀረነው እኔና ባለቤቴ ነበርን። እሱ መሰንቆ ይመታል፤ እኔ ከበሮ እየመታሁ እዘፍናለሁ። ያን ጊዜ ገና ለብቻችን መቆማችን ስለነበር ማንም አያውቀንም። በመጀመሪያው ሰርግ አጋፋሪው ለማኞች መስለነው ከዳሱ በር ላይ ቁራሽ እንጀራ ሰጥቶ ሸኘን። ባለቤቴ እንጀራውን እየበላ ተናደደ።

«ሰው ሳያየን በድምፅ ሊያውቀን ይገባል» አለ። «ገና ከሩቅ ሲሰማ ‹እነሱ መጡ› የሚያሰኝ ድምፅ እንፈልግ።»

ቀንድ እንንፋ ሲል፣ «ሌባ ገባ ብሎ አገሩ ጦር ይዞ ይወጣል» ብዬ ሐሳቡን አስጣልኩት። እሱ ግን ዝም አላለም፤ አሊዩ አምባ ገበያ ወርዶ የበቅሎ ቃጭል ይዞ መጣ። አንዱን በአንገቱ፣ ሌላውን በወገቤ አሰረና ወደ አንድ ሰርግ ሽቅብ ወጣን። መንደሩ ሳንደርስ ሴቶች ቃጭሉን ሰምተው በቁና እህል ተሸክመው ተቀበሉን።

«አሞሌው የታለ?» አለች አንዷ፣ ከኋላችን ጭነት እየፈለገች።

«ጨው አልያዝንም። ዘፈን ነው ያለን» አልኳት።

«ዘፈን ወጥ አያጣፍጥም» ብላ ቁናዋን ይዛ ተመለሰች።

ዳሱ ውስጥ ጠላ ሲሰጡኝ በብርዱም በእፍረቱም ቶሎ ቶሎ ጨለጥኩት። ሙሽራው ሲገባ እልል ልል አፌን ከፈትኩና ሳልጨርሰው ስርቅታ ያዘኝ። «እልልልል፣ ህቅ።» ዳሱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ዳግመኛ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ከሚዜዎቹ አንዱ ሳቁን ለማፈን ትልቅ ጉርሻ ጎርሶ እሱም ህቅ አለ። ከዚያ በኋላ እልል ባልኩ ቁጥር ዳሱ በሙሉ ባንድ አፍ «ህቅ» እያለ ይቀበለኝ ጀመር። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የባለቤቴ ፊት ግን በራ።

«ተገኘ» አለኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ።

መከራዬ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ስርቅታ በትእዛዝ አይመጣም። ሰርግ በተጠራን ቁጥር ባለቤቴ ደረቅ ቆሎ በእፍኝ እያቃመኝ፣ ውሃ እየከለከለኝ መንገዱን ሁሉ ይነዳኛል። አንዴ ደብረ ብርሃን ከአንድ ዳስ በር ስንደርስ ስርቅታው ደህና አድርጎ መጥቶልኝ ነበር። አንዲት ደግ ባልቴት ሰምተው አዘኑልኝና ከኋላዬ ተጠግተው «እባብ!» ብለው ጮሁ። ስዘል ከበሮው ከእጄ ወደቀ፤ ስርቅታውም ድራሹ ጠፋ።

«ተሻለሽ ልጄ?» አሉኝ ደስ ብሏቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ እማማ» አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል? ባለቤቴ ራሱን ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ገብቼ በውሸት ህቅ ብል፣ ሞቅ ያላቸው አንድ ሽማግሌ «ይቺ እሷ አይደለችም» አሉ። ሰዉም አመናቸው።

ቤት እንደገባን «ስርቅታውን ከወደድከው አንተው ያዘው» አልኩት። ያን ክረምት መሰንቆውን አቅፎ ከረመ። ደጋኑን በጭራው ላይ ጎተት አድርጎ ድንገት ቀጥ ሲያደርገው አንዴ መሰንቆውን ያንቀዋል፣ አንዴ ያስነጥሰዋል። ጎረቤታችን በሽተኛ ያለ መስሏት ዳማከሴ ቆርጣ መጣች። በመጨረሻ መሰንቆው ጥርት አድርጎ «ህቅ» አለ፤ እኔም ውሃ እንደ ልቤ መጠጣት ጀመርኩ።

የጥር ሰርግ ሲደርስ እኔ እልል ስል መሰንቆው ይቀበለኛል። ከእንግዲህ በር ላይ ቁራሽ የሰጠን የለም። ሊጠሩን የሚመጡ ሰዎችም ደጃፋችን ቆመው «ህቅ» ይሉና ይጠብቃሉ። አንድ ቀን እውነተኛ ስርቅታ የያዘው መንገደኛ በደጃችን ሲያልፍ ባለቤቴ ሮጦ ወጣና «ሰርጉ የት ነው?» አለው። ሰውየው ግራ ገብቶት ውሃ ለመነን። ሰጠነው።