ከቅቤው ሥር የነበረው ባትሪ

ሥራ የጀመርኩት ወልቂጤ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለ ባትሪ ቤት ነው። የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ አሮጌ ባትሪዎችን ከደጅ ወደ ጓዳ ማስገባት ነበር። ሥራ ነው ብዬ አዲሱን ሱሪዬን ለብሼ ሄጃለሁ። ባለቤቱ ጋሽ ሽኩር ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ሌላ ሱሪ የለህም?» አሉኝ።

«ደህናው ይሄ ነው» አልኳቸው።

«እሱን እኮ ነው የምልህ» ብለው የመጀመሪያውን ባትሪ አሳዩኝ።

ባትሪውን እያቀፍኩ፣ ጭኔ ላይ እያስደገፍኩ ሳመላልስ ዋልኩ። ቤት ስገባ ሱሪው ላይ ምንም አይታይም። እናቴ ውሃ ስታስነካው ግን ግማሹ እጇ ላይ ቀረ። የባትሪ አሲድ ጨርቅ የሚበላው ቀስ ብሎ ነው፤ ጉዱ የሚወጣው ሲታጠብ ነው። በማግስቱ በተጣፈ ሱሪ ስመጣ ጋሽ ሽኩር «አሁን ተቀጠርክ» አሉኝ።

በባትሪ ቤት ማዕረግ አለ። መጀመሪያ አጣቢ ነህ፤ የባትሪውን ጫፎች በሙቅ ውሃና በሶዳ ታጥባለህ፣ በሽቦ ብሩሽ ትፈገፍጋለህ። ቀጥሎ ቻርጅ ክፍል ትገባለህ። እዚያ ክብሪት የሚባል ነገር አይታሰብም፤ ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ በአንዲት ፍንጣሪ ይፈነዳል። ከዚያ ገጣሚ ትሆናለህ፤ የባትሪ ጫፍ የምትፈታበትና የምታጠብቅበት የራስህ ባለ አሥር ቁልፍ ይሰጥሃል። መጨረሻ ላይ መራጭ ትሆናለህ። ደንበኛው የመኪናውን ዓይነት ይነግርሃል፣ አንተ ከመደርደሪያው ታወርዳለህ። እኔ መራጭ ሆኜ ከባጃጅ እስከ ተሳቢ ዓይኔን ጨፍኜ አወርዳለሁ በምልበት ዘመን ነው ቀዩ መኪና የመጣው።

የደንጌሳት ዕለት ነበር፤ በየጉራጌው ቤት ሴቶቹ የመስቀሉን በዓል በጎመን ክትፎ የሚከፍቱበት ቀን። ከአዲስ አበባ የሚገባው መኪና ከተማውን አጨናንቆታል። ፊት ለፊታችን ካለው ጭማቂ ቤት ደጅ ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና ቆሟል። ሆዱ አስፋልቱን ሊልስ ምንም አልቀረው። ባለቤቱ ተካ የሚባል የመርካቶ ነጋዴ ነው። ሞተር አጥፍቶ፣ ሙዚቃ ከፍቶ፣ አቮካዶውን ሲጠጣ ቆየና ሊነሣ ቁልፉን ቢጫን መኪናው ጭጭ አለ።

ሮጦ መጣ። «ባትሪ ስጡኝ! ትልቁን! ያላችሁን ትልቁን!»

«የት አገር ልትደርስ ነው?» አሉት ጋሽ ሽኩር።

«ቸሃ። እናቴን ይዣለሁ። አገሩ ሁሉ እየጠበቀን ነው።»

ተሻግሬ ሳይ እናቱ እማማ ብርቄ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ወንበሩ ዝቅ ከማለቱ የተነሣ በመስኮቱ የሚታየው ሻሻቸው ብቻ ነው።

«እናቴ፣ ይውጡና ጥላ ይያዙ» አልኳቸው።

«በምን ልውጣ ልጄ? እዚህ ውስጥ ያስገቡኝ ሁለት ሰዎች አዲስ አበባ ቀርተዋል» አሉኝ።

ተካና እኔ ግራና ቀኝ ይዘን አወጣናቸው። ገና ቀና እንዳሉ ወደ መኪናው ኋላ ሄዱና ክዳኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ቅቤዬ እዚህ ውስጥ ነው። እኔ በሚኒባስ እሄዳለሁ፤ ቅቤዬን አውጡልኝ።»

ነገሩ እዚህ ላይ ነው የተቋጠረው። የኋላው ክዳን የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ይመጣል። ባትሪው ደግሞ የፊቱን ኮፈን ከፍቼ ብፈልገው የለም። ያለው ከኋላ፣ ከቅቤው ሥር ነው። እማማ ብርቄ ሳይደርሱ ደግሞ ጎመኑ ቅቤ አያገኝም፤ የቤቱ ሴቶች ከትፈው፣ ቆጮውን አቅርበው መንገድ መንገዱን ያያሉ።

ፊት ለፊት ኮፈኑ ሥር ቀይ ቆብ ያላት ጫፍ አገኘሁ። እንዲህ ላለው ችግር የተተወች ናት። ከአንድ ሚኒባስ በገመድ ኃይል ሰጠኋት። ተካ ቁልፉን ሲጫን የኋላው ክዳን ተነፈሰና ተከፈተ። እማማ ብርቄ ዘለው ገቡ ማለት ይቻላል። «አትዝጉት! ማንም እንዳይዘጋው!» እያሉ የቅቤውን ባልዲ አቅፈው ወጡ። ባልዲውን እኛ ሱቅ ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው ከፊቱ ቆሙ። ጋሽ ሽኩር ጠጋ ሲሉ «በአሲድ እጅዎ እንዳይነኩብኝ» አሏቸው።

ሞተሩም ተነሣ። ግን ገመዱን ስነቅል ጠፋ። ባትሪውን አውጥቼ ብመረምረው አንዱ ክፍሉ ሞቷል፤ ቻርጅ አያድነውም። አዲስ መምረጥ ግድ ሆነ።

አሁን መንገደኛው ሁሉ መራጭ ሆነ። የሚኒባሱ ሾፌር «የጭነት መኪና ባትሪ ግጠምለት፣ ዕድሜ ልኩን አይሞትም» አለኝ። ተካ ይሄን ሲሰማ ዓይኑ በራ። ከመደርደሪያው ትልቁን አሳየኝ፤ «ያ! ያ ያምራል!»

«አይገባም» አልኩት።

«ሞክረው።»

ሞከርኩት። የባትሪው መቀመጫ አፍ ላይ እንደ በሬ በፍየል በር ቆመ። ሁለተኛውን አወረድኩ፤ ልኩ ልክ ነው፣ የፕላስ ጫፉ ግን በተቃራኒው በኩል ሆነና ገመዱ አልደርስ አለ። ተካ «ገመዱን ሳበው» ይላል። የመኪና ገመድ ላስቲክ አይደለም። ሦስተኛው በልክም በጫፍም ተስማማ። በደስታ ላጠብቀው ስል አሮጌው ባትሪ ጎን ላይ የነበረችውን ቀጭን ቱቦ አየሁ። ባትሪው የተቀመጠው ሰው ካለበት ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ጋዙ በቱቦዋ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። የያዝኩት ባትሪ የቱቦ ቀዳዳ የለውም።

«አንዲት ቱቦ ናት፤ እለፋት» አለኝ ተካ።

«እናትህን ይዘህ?» አልኩት። ወደ እናቱ ዞር ብሎ አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወንድሜ፣ አባቴ ማግኘቴን ሳያይልኝ ሞተ። እሷ እንኳ በዚህ ገብታ ትታይ ብዬ ነው የገዛሁት» አለኝ። ከዚያ በኋላ ያለ ባትሪ ልሸኘው አልቻልኩም።

በወልቂጤ እንዲህ ያለ ባትሪ የት እንዳለ አውቅ ነበር። ከሱቃችን ጀርባ፣ ሸራ ለብሳ በቆመችው በጋሽ ሽኩር አሮጌ የጀርመን መኪና ውስጥ። እሳቸውም አውቀዋል፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል። ያቺ መኪና ከሸራዋ የምትወጣው ለዓርብ ጁምዓ ብቻ ነው።

እማማ ብርቄ ከእኔ ዓይን ነገሩን አነበቡ። «አለዎት ማለት ነው?»

«እናቴ፣ ያቺ መኪና ከልጆቼ አንዷ ናት።»

«ልጅዎን ለበዓል ዘመድ ቤት አይልኩም?»

«ልጅ ይመለሳል።»

«ባትሪውም ይመለሳል። ይሄ ልጅ አብሮት ይሂድና ይጠብቀው» ብለው እኔን ጠቆሙ። ቀጥለውም «ጎመን እርድ የለበትም፤ ቅቤውም የራሴ ነው። የእርስዎን ድርሻ ተሸክሞ ይመለሳል» አሉ።

ጋሽ ሽኩር ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ። «ቆጮውስ?» አሉ።

ያን ጊዜ ባለ አሥር ቁልፌን አነሣሁ።

ባትሪው ልክ ገባ፣ ፕላሱ በቦታው፣ ቱቦዋም በቦታዋ። መኪናው ሲነሣ ጭማቂ ቤቱ አጨበጨበ። እኔ በሞተር ብስክሌት ከኋላ ተከተልኩ። የጉብሬን ከተማ አለፍን፣ ከአስፋልቱም ወረድን። መንደሩ መግቢያ ላይ ክረምቱ የቆፈረው መንገድ ነበርና ቀዩ መኪና በሆዱ ጉብ አለ። ጎማው ይሽከረከራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ሙዚቃው ይዘፍናል።

«ባትሪው እንዴት ነው?» ብዬ ጮህኩ።

«ባትሪው ሰላም ነው!» አለ ተካ፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

እማማ ብርቄን ደግመን ጎትተን አወጣናቸው። ቅቤያቸውን አስይዘውኝ በእግራቸው ገቡ። ጎመኑ ቅቤ ሲያገኝ ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። የመንደሩ ወጣቶች ደግሞ ሄደው መኪናውን ከፍ ከፍ እያደረጉ እየጨፈሩ እስከ ጀፎረው፣ እስከ መንደሩ ሰፊ ሜዳ አመጡት። እማማ ብርቄ ከደጅ ቆመው «ልጄ በመኪና እወስድሻለሁ ቢለኝ፣ መኪናው በሰው መጣ!» አሉ። ተካ ራሱ መጀመሪያ ሳቀ።

በማግስቱ የሰፈሩ እናቶች ተራ ገብተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። እማማ ብርቄ የኋላውን ክዳን በቁልፍ እየከፈቱና እየዘጉ ያሳያሉ። እኔ የባትሪው ዘበኛ «እናቴ፣ ይበቃል፣ ያልቃል!» እያልኩ ዙሪያውን ስዞር ዋልኩ። ለጎረቤቶቹ የተካ አለቃ መሰልኳቸው።

ከበዓሉ በኋላ ትክክለኛው ባትሪ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣና ገጠምኩለት። የጋሽ ሽኩርን ባትሪ ከቆጮውና ከጎመኑ ጋር መለስኩ። መጀመሪያ ቆጮውን ተቀበሉኝ፤ ከዚያ ባትሪውን አሸተቱና «ቅቤ ቅቤ ይላል» አሉ። ያንኑ ዓርብ ግን መኪናዋ ያለ አንድ ሳል ተነሣች።

በዚህ ሙያ ላላችሁ የምለው ይሄን ነው። አሮጌውን ባትሪ በዓይናችሁ ሳታዩ አዲስ አታውርዱ። መጀመሪያ መቀመጫውን ለኩ፤ ቀጥሎ ፕላሱ በየት በኩል እንደሆነ እዩ፤ ባትሪው የሚቀመጠው ሰው ካለበት ክፍል ከሆነ የጋዝ ቱቦ ይኑረው። የባትሪው ጉልበት፣ አምፔሩ፣ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።