ጋሼ የጻፉት ርዕስ

ሌላው ዘመድ ስለ አጎቴ ስለ ጋሼ ደግነት ያውራ፤ እኔ የማስታውሰው ኩርፊያቸውን ነው።

ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለካዛንቺስ ሱቆች በብሩሽ ማስታወቂያ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ነበሩ። እኔ ኦሎምፒያ ባለ ስቱዲዮ ውስጥ የአንድ የልጆች ቴሌቪዥን ድራማ መክፈቻ ስሠራ፣ ርዕሱን በእጃቸው እንዲጽፉልኝ ለመንኳቸው። ሦስት ሳምንት ደክመውበት ስቱዲዮ ይዘውት መጡ። ፕሮዲውሰሩ ግን ገና ሲያየው፣ «ያረጀ ነው፤ ማለቴ፣ ፊደሎቹ መዝለል፣ መሮጥ አለባቸው በቃ» አለ።

«እኔ የጻፍኩት ልጅ የሚያነበው ፊደል ነው፤ የሚያሳድደው አይደለም» አሉት ጋሼ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ዝም አልኩ። ወረቀታቸውን ጠቅልለው ወጡ።

ከዚያ በኋላ፣ ፊደሎቹ የሚዘሉበት መክፈቻ ተሠርቶ ድራማው በቴሌቪዥን በጀመረ ቁጥር፣ እንግዳ ቢኖርም ባይኖርም፣ ከሳሎን ተነስተው ይወጣሉ። መክፈቻው ሲያልቅ ተመልሰው ይቀመጣሉ። እኔን አያዩኝም። ለአንዲት ዝምታ ስንት ዓመት መቀጣቴ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሆስፒታል ተኝተው ሳለ፣ «ያ ነገር ዛሬ ቢሆን አፍ አውጥተሽ ትናገሪልኝ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

«አልናገርም ጋሼ። ሥራው ያስፈልገኝ ነበር።»

«ቢያንስ አልዋሸሽኝም» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በማግስቱ አረፉ። ለቅሶ የመጣው ሁሉ «በጣም ይወዱሽ ነበር» ይለኛል። መውደዳቸውን አውቃለሁ። ይቅር ብለውኝ እንደሆነ ግን የሚነግረኝ የለም። እኔም ገና ይቅር አላልኳቸውም፤ እንዳልጣላቸው ደግሞ የሉም።