«ገባሁ» የምትለው ቃል

ታላቅ እህቴን ሆስፒታሉ ውስጥ «ጄሶ» ነው የሚሏት። የተሰበረ እጅና እግር በጄሶ ስታስር ነው ዕድሜዋን የጨረሰችው። እኔም እዚያው ካርድ ክፍል ስለምሠራ ኑሮዋን በቅርብ አያለሁ፤ ልክ አድርጌ መናገሬን ግን እንጃ።

ታካሚ ሲመጣ መጀመሪያ «እንዴት ሆነ?» ብላ ትጠይቃለች። ለሥራዋ አያስፈልጋትም። ፋሻውን ለብ ባለ ውሃ እየነከረች ታዳምጣለች፤ ከዚያ የሰማችውን ቤቷ ስትገባ ትከለክላለች። አንዲት ሴት መታጠቢያ ቤት ውስጥ በላስቲክ ጫማ ተንሸራትታ ከመጣች፣ የላስቲክ ጫማ በዚያው ቀን ከቤት ይወጣል። ባሏ ቀለም ቀቢ ነው። ገና በሩን ስትከፍት «ዛሬስ ምን ተከለከለ?» ይላታል።

«መሰላል።»

«ታዲያ ግድግዳውን እየዘለልኩ ልቀባው?»

እሱ ይስቃል። እሷ አትስቅም። «የምትስቀው ስላላየህ ነው። ሁሉም እኮ ጠዋት ደህና ነበሩ» ትለዋለች።

ከሁሉ የምትፈራው ለልጇ ነው። ልጅቷ ከተማው ማዶ መድኃኒት ቤት ተቀጥራ በአውቶቡስ ትመላለሳለች። ጠዋት ሥራ ቦታ ስትደርስ፣ አመሻሽ ላይ ቤት ስትደርስ፣ አንዲት ቃል ትልካለች፦ «ገባሁ»። ያቺ ቃል እስክትመጣ እህቴ ሰው አይደለችም። ሻይ ብሰጣት ቀዝቅዞ ይቀራል፤ ብጠራት አትሰማም። ስትመጣ ትከሻዋ ወረድ ይልና «ተመስገን» ትላለች።

ባለፈው ሰሞን አመሻሽ ላይ አንድ ፀጉሩ የሸበተ ሰውዬ ከአውቶቡስ ደረጃ ወድቆ፣ የእጁ አንጓ ተሰብሮ መጣ። እህቴ ጄሶውን ጠቅልላ እስኪደርቅ እጁን ይዛለታለች። እኔ ሻይ ይዤላት ገብቼ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። የሰውዬው ስልክ ጮኸ። በደህናው እጁ አነሳና ድምፁን አሳምሮ፣ «አቤት እማዬ። አዎ፣ ገባሁ። ገብቻለሁ፣ አታስቢ» ብሎ ዘጋው።

እህቴ ቀና አለች። «እናትዎን ይዋሻሉ እንዴ?»

«ምኑን ዋሸሁ? ገባሁ አልኩ እንጂ የት እንደገባሁ መች ነገርኳት? ሆስፒታልም ይገባል እኮ!»

እኔ ሳቅሁ። ወዲያው መደርደሪያው ላይ የነበረው የእህቴ ስልክ ጮኸ። ልጅቷ ናት፦ «ገባሁ»።

እህቴ ተመስገን አላለችም። ስልኩን እያየች የሰውዬውን እጅ ጭምቅ አድርጋ ያዘች።

«ኧረ እጄን! ደህናውን አጥንት እንዳይሰብሩት!» አለ ሰውዬው።

ሰውዬው እንደወጣ ደወለችላት። አይነሳም። ደጋግማ ሞከረች። ከዚያ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። መንገዱን ሁሉ ስልኩን ከጆሮዋ አላወረደችም። የቆመ አውቶቡስና ዙሪያውን የከበበ ሰው ስናይ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ጎማ ነበር የሚቀይሩት።

ቤት ስንደርስ ባሏ ብቻውን ነው።

«ልጄስ?»

«ገና አልመጣችም።»

እህቴ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ፊቷ ራሱ ጄሶ መሰለ። ባሏ ብድግ ብሎ ጫማውን ይፈልግ ጀመር።

አንዱን እግር አጥልቆ ሌላውን ሲፈልግ ልጅቷ ዳቦ ይዛ ገባች። «ምን ሆናችኋል?»

«ገባሁ ብለሽኝ ነበር» አለች እህቴ። «ስደውል ደግሞ አታነሺም።»

«ስልኬ ድምፁ ጠፍቶ ነው።» ዳቦውን አስቀመጠች። «እማ... ከሥራ ስወጣ ነው ገባሁ ብዬ የምጽፈው። መንገዱን ሁሉ እንዳትጨነቂ ብዬ።»

«ሁልጊዜ?»

ልጅቷ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

እህቴ የልጇን እጆች ከአንጓ እስከ ክርን ዳሰሰቻቸው፤ ልክ የታካሚን ስብራት ስትፈልግ እንደምታደርገው። «ከእንግዲህ ያለሽበትን ጻፊልኝ።»

«መንገድ ላይ ነኝ ብዬ? ታብጃለሽ እኮ!»

«ልበድ። ባዶ ቃል ታቅፌ ከምቀመጥ ልበድ።»

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ሻይዋን ይዤ ስገባ ፋሻ እየነከረች ነበር። አንድ ጎረምሳ አልጋው ላይ እግሩን ዘርግቶ ይጠብቃል። ስልኳ ጮኸ። እጇ እርጥብ ስለሆነ እኔ አነበብኩላት፦ «መንገድ ላይ ነኝ። አውቶቡሱ ሞልቶ ቆሜያለሁ። ሹፌሩ ያዛጋል።»

«ያዛጋል?»

«ያዛጋል ነው የሚለው፣ እትዬ።»

«ስልኩን እዚህ አድርጊልኝ» አለች፣ የውሃውን ሳህን አጠገብ በአገጯ እያሳየችኝ። ፋሻውን ጨምቃ መጠቅለል ጀመረች። አንድ ዙር በጠቀለለች ቁጥር ስልኩን ታያለች፤ ነጩ ውሃ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ጎረምሳው ፊቷን አይቶ ደነገጠ።

«ምነው፣ ስብራቱ ክፉ ነው እንዴ?»

«መንገድ ላይ ናት» አለችው።