የቆላ ጥም

የሙቀቱ ጥም የት ላይ አበቃ፣ የበሽታውስ የት ላይ ጀመረ? እስካሁን መመለስ አልቻልኩም። በገንዳ ውሃ ከተማ በሚያዝያ ያልጠማው የለም። የጭነት መኪና ሹፌሩ ይጠማዋል፣ ባጃጅ ነጂው ይጠማዋል፣ ጥላ ሥር የተጋደመው ውሻ ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል። ከዚህ ሁሉ መካከል የኔ ጥም የተለየ መሆኑን በምን ልወቀው?

ከደጋ የመጣሁት ለሥራ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ፣ በማታ ትምህርት፣ ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች ጋር አንድ ወንበር ተጋርቼ ነው። አሁን መሥሪያ ቤታችን የሚያወጣውን ደብዳቤ ከመፈረሙ በፊት የማርመው እኔ ነኝ። ነጠላ ሰረዝ የጎደለው ደብዳቤ በእጄ አያልፍም፤ በዚህም አንዳንዶቹ ያሙኛል።

የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት የሆኑት እትዬ በራቸው ላይ ማቀዝቀዣ አስቀምጠው ለስላሳና ከርከዴ የሚባለውን ቀይ የአበባ መጠጥ ይሸጣሉ። ከርከዴውን ራሳቸው ያፈሉታል፤ ስኳሩን ሲጨምሩበት እጃቸው አይሳሳም። ከፀሐይ የገባ ተከራይ ሰላምታ ሳይሰጥ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ይጨብጣል፣ ደንባቸው ነው። አንድ ቀን ውሃ ይበቃኛል ብላቸው፣

"ውሃማ ለአህያም ይሰጣል" አሉኝ። "እሷ ቤት ውሃ ጠጥቼ ወጣሁ ልትይኝ ነው?"

ጠጣሁ። ከዚያ በኋላ ሳይሰጡኝም እየገዛሁ ጠጣሁ። ጠርሙሱን ጨርሼ አፌ ወዲያው ይደርቃል፤ ሌላ እከፍታለሁ።

እዚህ አገር ደገኛ ከከሳ ወባ ያዘው ብለው ይሠጉለታል። ከወፈረ ደግሞ ቆላው ተቀበለው ይሉታል። እኔን አጥብቆ ተቀበለኝ። ልብስ ሰፊው የቀሚሴን ጎን እየተረተረ ሲያሰፋልኝ ከረመና፣ "እንግዲህ ሌላ ጨርቅ ይዘሽ ነይ እህቴ፣ የሚለቀቅ ስፌት አልቀረም" አለኝ። ሳቅሁ። መሥሪያ ቤትም "ተመችቶሻል" የማይለኝ አልነበረም፤ በምርቃት መልክ ስለሚሉት አሜን ከማለት በቀር ምን ይባላል?

ከዚያ ፊደሉ ይከዳኝ ጀመር። ከሰዓት በኋላ ደብዳቤ ሳነሳ መስመሮቹ ውሃ ውስጥ እንደወደቁ ይርገበገባሉ። አቧራው ነው አልኩ። የመስኮቱ ብርሃን ነው ብዬ ጠረጴዛዬን አዞርኩ። እናቴ ስኳር ነበረባት፤ በመጨረሻ ዘመኗ በሩን በእጇ እየዳበሰች ነበር የምታገኘው። ይህን እያወቅሁ የራሴን ግን ሙቀት እያልኩ ጠራሁት። ጤና ጣቢያው በመንገዴ ላይ ነው። በደጁ ባለፍኩ ቁጥር እግሬ ይፈጥናል። ከተመረመርኩ ስም ይወጣለታል፣ ስም ከወጣለት አለቃዬ ይሰማል፤ ማንበብ የማይችል አራሚ ደግሞ ማን ያቆያል? ዘግይቶ የመጣልኝ ነገር ቀድሞ ሊሄድ ነው ብዬ ፈራሁ። ስፈራ አፌ ይብስ ይደርቃል።

የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ በግቢው የጋራ መጸዳጃ ቤት ሲሚንቶ ላይ ጉንዳን ተሰለፈ። የግቢው ባለቤት አመድ ነሰነሱበት፤ በማግስቱ ተመልሶ መጣ። ከወሎ ለአጨዳ መጥቶ ከጎኔ ያለውን ክፍል የተከራየውን ሰውዬ ጠሩት።

"ከርከዴዬን እዚህ የምትደፋው አንተ ነህ?"

"ኧረ እትዬ፣ እኔ ከርከዴ ያገኘሁ እንደሁ ሆዴ ውስጥ ነው የምደፋው።"

"ታዲያ ጉንዳኑን ማን ጋበዘው?"

"ጣፋጭ የሚሸጠውን ይጠይቁት" ብሎ ማጭዱን መሳል ቀጠለ። እሳቸውም ሳቃቸው አመለጣቸው። እኔ ደጄ ላይ መጽሐፍ ገልጬ አንድ ገጽ ላይ ተተክዬ ቀርቻለሁ። እናቴ ቤትም ጉንዳን ይመጣ ነበር። ለምን እንደሚመጣ አውቃለሁ።

የነገርኳቸው በገበያ ቀን ነው፣ ማቀዝቀዣቸው ዙሪያ ሰው ሳስቶ ጥቂት ሲያርፉ። ከሥራ ስገባ እንደ ደንባቸው ጠርሙስ ዘረጉልኝ። አልተቀበልኩም።

"ጉንዳኑ በኔ ነው የሚመጣው፣ እትዬ።"

"አንቺ ደግሞ ቀልድ ከየት ተማርሽ?"

"ሽንቴ ነው። ስኳር ሳይሆን አይቀርም፣ እናቴንም የገደላት እሱ ነው። ዓይኔ ፊደል መለየት እያቃተው ነው።"

ጠርሙሱ እጃቸው ላይ ቀረ። የት እንደሚያኖሩት የጠፋቸው መሰለኝ። "እኔ በገዛ እጄ..." ብለው ጀመሩና ተዉት። ከዚያ ጠርሙሱን መልሰው፣ ገበያው ገና ሳይበተን ማቀዝቀዣውን ቆለፉና ቶብ የሚሉትን ረጅም ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣሉ።

"ተነሽ፣ ጤና ጣቢያው ሳይዘጋ እንድረስ።"

መንገዱን በሙሉ ክንዴን ይዘው ነው የሄዱት። እንደ ዓይነ ስውር አይያዙኝ ልላቸው ፈልጌ ነበር። ግን ክንዴን አላስለቀቅኩም።