ቀድሞ የመለሰው ሳጥን

ሽቦ ይሉታል፤ ቅጥነቱና ሙያው ተባብረው ያወጡለት ስም ነው። በማሰልጠኛው የኮምፒውተር ክፍል ያለውን ገመድ ሁሉ የዘረጋው እሱ ነው። የየገመዱን ሁለት ጫፍ በእህቱ የጥፍር ቀለም ይቀባዋል፤ ቀዩ የቢሮ፣ ሐምራዊው የማባዣ ክፍል። ያቺን እህቱን የሥራ ባልደረባው አገባትና አማቹ ሆነ። ሽቦ ሙያውን ለአማቹ ያስተማረው ግን ከጋብቻው በፊት ነው። «ችግሩ የት እንዳለ ካላወቅክ አትፈላሰፍ፤ ገመዱን አንድ በአንድ እየነቀልክ እይ» ይለው ነበር።

አንድ ጠዋት የኮምፒውተሮቹ ሃርድ ዲስኮች ተሰርቀው ተገኙ። በሩ አልተሰበረም። አማቹ ዳይሬክተሯ ፊት ቀርቦ፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ «ቁልፉ እንኳ ሽቦ እጅ ነበር» አለ። ይችው ናት። ሽቦ ወደ ማባዣ ክፍል ወርዶ ወረቀት ሲያባዛ ከረመ፤ አማቹ በወንበሩ ተተካ። እህቱ ሳትቀር፣ እቤቷ ሲሄድ ቦርሳዋን ከጠረጴዛ ላይ ታነሳ ጀመር። ያቺን የቦርሳ ነገር ሽቦ እንደ ድድ ቁስል በምላሱ ሲነካካት ይውላል።

ሌላ ዲስክ ስላልመጣ አማቹ ኮምፒውተሮቹን ያለ ዲስክ ማስነሳት ያዘ። ሲበሩ በገመዱ በኩል «አድራሻዬ የቱ ነው? ከየት ልነሳ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሰርቨሩ፣ ሁሉን የሚያገለግለው ዋናው ኮምፒውተር፣ አድራሻ ይሰጣቸውና የሚነሱበትን ሥርዓት፣ ሊኑክሱን፣ ይልክላቸዋል። ታዲያ እንደ ዓይነ ስውር ናቸው፤ ቀድሞ እጃቸውን የያዘውን ይከተላሉ። ሽቦ ይህን ሲያስብ ለብቻው ሳቀ።

ማሰልጠኛውን የሚፈትሹ ገምጋሚዎች የሚመጡበት ቀን ደረሰ። ክፍሉ ካልሠራ አማቹ እንደሚባረር ዳይሬክተሯ ፊት ለፊት ነግራዋለች። የዚያን ዕለት ሽቦ ማልዶ ገባ፤ ከቁም ሳጥን አንድ ያረጀ ራውተር፣ ኔትወርክ የሚያከፋፍል ትንሽ ሳጥን፣ አውጥቶ አቧራውን በእጅጌው ጠረገና ከወረቀት ክምሩ ጀርባ፣ የማባዣ ክፍሉ ገመድ ላይ ሰካው። ራውተሩ ከሰርቨሩ ፈጥኖ አድራሻ ያድላል፤ የሚልከው ሊኑክስ ግን የለውም።

ኮምፒውተሮቹ በጥቁር ስክሪን ላይ «የማስነሻ ፋይል አልተገኘም» ብለው ቀጥ አሉ።

አማቹ ሰርቨሩን አጥፍቶ አበራ። ገመዱን ቀየረ። በመጨረሻ ላብ በላብ ሆኖ ማባዣ ክፍል መጣ።

«ሽቦ፣ ወንድሜ፣ አድራሻ ያገኛሉ፣ ፋይሉን ግን አያገኙም። ምን ይሆን?»

«ዛሬ ተዛመድን እንዴ?»

«ስለ እህትህ ብለህ።»

«እህቴማ ቦርሳዋን እየጠበቀች ነው። ሂድና ለዳይሬክተሯ ‹ተሳስቻለሁ፣ ሽቦ አልወሰደም› በላት። ከዚያ እመጣልሃለሁ።»

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ደግሞ ምኑን ዋሸሁ? ቁልፉ አንተ ጋ ነበር።»

«እንግዲያው እዚያው ታገል።»

አማቹ ሄደ። ሽቦ ወንበሩን ወደ በሩ አዙሮ ተቀመጠ። የገምጋሚዎቹ ድምፅ በኮሪደሩ ሲያልፍ፣ ዳይሬክተሯ ጉሮሮዋን ስትጠርግ፣ ሰውነቱ ሁሉ እንደ ማር ጣፈጠው። ይባረር። እሱም ይቅመሳት።

ብዙም ሳይቆይ የራውተሩ የገመድ መብራት ድርግም ብላ ጠፋች። ቀጥሎም ከኮምፒውተር ክፍሉ የመነሻው ዜማ ተሰማ፤ አንዱ፣ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም።

አማቹ ዳይሬክተሯን አስከትሎ ገባ። የወረቀት ክምሩን በጉልበቱ ገፋ አደረገው።

«አንድ በአንድ ነቀልኩ» አለ፣ ድምፁን ሳያነሳ። «ሐምራዊው ሲነቀል ተነሱ። አንተው አይደለህ ያስተማርከኝ?»

ዳይሬክተሯ ራውተሩን አየች፤ ሽቦን አየች። «ዲስኮቹስ?» አለች።

ሽቦ እስከ ትናንት ቢሆን የሚመልሰው ነበረው። አሁን ግን እውነቱን ቢናገርም ውሸት ነው የሚመስለው።

ሽቦ ጃኬቱን አነሳ። በአማቹ አጠገብ ሲያልፍ፣ «ለእህቴ ንገራት፤ ቦርሳዋን ታስቀምጥ። ደጇን አልረግጥም» አለው።

ግቢውን ወጥቶ እስኪርቅ ድረስ የቆጨው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዲስኮቹን የምር አለመስረቁ።